ዘይቤ የጠፋባቸው መምህር

የእኔን ክፍል ከእሳቸው ክፍል የሚለየው ችፑድ ነበር። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ እሳቸው ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ። ስለ አሲድ እያስረዳሁ ከወዲያ በኩል ሳቅ ሲፈነዳ የእኔ ተማሪዎች በቅናት አንገታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ምን ልፈርድባቸው፣ እኔም አንዳንዴ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ዝም ብዬ አዳምጥ ነበር።

ተማሪው በሌሉበት “ጋሽ ዘይቤ” ይላቸዋል። ትክክለኛ ስማቸውን ከደመወዝ ክፍል ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ “አንቺ ኬሚስትሪ” ይሉኛል። በየዓመቱ የማጠቃለያ ፈተናው ላይ ስለ ዘይቤ የሚጠይቅ ክፍል አይቀርም። ሌላው መምህር ተነጻጻሪ ማለት እንዲህ፣ ተለዋጭ ማለት እንዲህ ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፍና አስገልብጦ ይወጣል። ጋሼ ሰሌዳውን አይነኩም። አንዱን ተማሪ ያስነሳሉ።

“ዛሬ ጠዋት እናትህ ምን ብላ ተቆጣች?”

“ቤቱን በአንድ እግሩ አቆማችሁት አለችን።”

“ቤታችሁ እግር አለው?”

“የለውም፣ ቲቸር።”

“እንግዲያው እናትህ ዋሸች?”

“አልዋሸችም።”

“እግር የሌለውን ነገር በእግሩ አቁማ እውነቱን ነገረቻችኋ። ግነት ነው ሰውኛ? በሉ ተከራከሩ።” ከዚያ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ሲበቃቸው ጠረጴዛውን ቆርቆር ያደርጉና “እኔ አዲስ ነገር አላስተምራችሁም። አፋችሁ የሚያውቀውን ከጆሯችሁ ጋር ማስተዋወቅ ነው ሥራዬ” ይላሉ።

ሚስታቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ ጠራዥ ነበረች። ደብተር፣ ደረሰኝ፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የመጣውን ሁሉ ትሰፋለች፤ ታጣብቃለች። ጣቶቿ ላይ የደረቀ ኮላ አይጠፋም፤ ስታወራ በጥፍሯ እየላጠች ነው። የትምህርት ቤታችንን አሮጌ መጻሕፍት ልትጠግን መጥታ ተዋወቅን፤ ከዚያ ወዲህ እህት ማለት ናት። ጠራዧ ነበር የምላት፤ እሷም ወዳው ነበር።

ጠራዧ ነገርን ፊት ለፊት መናገር አልፈጠረባትም። ሲከፋት “ደህና ነኝ” ትላለች። ስትናደድ ሳህን እያጠበች ታንጎራጉራለች። ባሏ አምሽተው ከመጡ “እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ፣ ምነው በጊዜ?” ብላ ሳቋን ትውጣለች። ጋሼም ይህን ሁሉ ያውቁበታል። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ “ደህና ነኝ ስለው ምን ያደርጋል መሰለሽ? ጫማውን ያወልቅና አጠገቤ ቁጭ ይላል። ‘እሺ፣ ይሄን ሰማን፤ አሁን ደግሞ እውነቱን’ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ምን እደብቃለሁ?”

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሩቅ ከተማ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች፤ በየሳምንቱ ትደውላለች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ሆኖ በመስኮቱ በኩል የማተሚያ ቤቱ የጓሮ በር ይታያል። ሀብት የለም፤ ጭቅጭቅም የለም። ሰው ሲያያቸው የሚቀናባቸው ዓይነት ናቸው።

ጋሼ የወደቁት ስለ ምፀት እያስተማሩ ነው። በግድግዳው በኩል ድምፃቸውን እየሰማሁ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ተቋረጠ። ተማሪዎቹ ሆነ ብለው ያቋረጡት መስሏቸው ሳቁ። ቀጥሎ የወንበር መውደቅ፣ ቀጥሎ የአንዲት ልጅ ጩኸት ተሰማ። ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጠው ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው እንደ ሌላ ሰው እጅ ያገላብጡታል። አፋቸው በአንድ በኩል ዝቅ ብሏል።

ሐኪሙ ደም በአንጎላቸው ቀኝ በኩል መፍሰሱን ነገረን። “ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ይደክማል። ንግግራቸው ግን ተርፏል። ዕድለኛ ናቸው፤ ለአስተማሪ ትልቁ ነገር እሱ ነው” አለ። ጠራዧ እዚያው ኮሪደር ላይ የሐኪሙን እጅ ይዛ አለቀሰች። ሁላችንም ደስ አለን። እጅማ ምን አላት፣ በአንድ እጅም ይኖራል ተባባልን።

በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ አበባ ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቆሞ “ጋሼ፣ ቶሎ ይነሱልን እንጂ፤ ትምህርት ቤቱ ያለ እርስዎ ባዶ ነው” አላቸው።

“ተማሪዎቹ የት ሄዱ?” አሉ ጋሼ።

ክፍሉ ውስጥ ያለነው በሙሉ ሳቅን። ርዕሰ መምህሩ “ጨዋታቸውስ አብሯቸው ነው፣ ተመስገን!” አለ። ጠራዧ ግን አልሳቀችም። ሰዉ ሲወጣ ክንዴን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ።

“ቀልድ አይደለም” አለችኝ።

“እንዴት አወቅሽ?”

“ሲቀልድ አስቀድሞ ትንሽ ዝም ይላል። ዛሬ ዝም አላለም። ስንስቅ ደግሞ ፊታችንን አንድ በአንድ ሲያየን ነበር። አላየሽውም?”

አላየሁም ነበር። በኋላ ግን እኔም አየሁ፤ ሁሉም አየ። ቃላቱ አልጠፉባቸውም። ሰዋስዉም በቦታው ነው። ጋዜጣ ቢሰጧቸው ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። የጠፋው ከቃሉ ጀርባ ያለው ነገር ነው። “ፀሐይዋ ናላዬን አዞረችው” ስትላቸው ሐኪም ቤት እንድትሄድ ይመክሩሃል። “ጆሮዬን አትብላው” ቢባሉ ይደነግጣሉ። ሽሙጥ፣ ቀልድ፣ ቁልምጫ፣ የድምፅ ቃና፣ ሁሉም ከእሳቸው ዘንድ ሲደርስ ባዶ ቃል ሆኖ ነው። ሐኪሙን ብንጠይቀው “አዎ፣ በዚያ በኩል ሲጎዳ እንዲህ ይሆናል” አለን፤ የሚሻል ስለመሆኑ ምንም አላለም።

እኛ ደግሞ ስንናገር ምን ያህል በዘይቤ እንደምንናገር ያወቅነው ያኔ ነው። አታክልት የምትሸጠው ሴትዮ ገና ከሩቅ ስታያቸው “እሰይ! አፌ ቁርጥ ይበልልዎ፣ ቆመው ሄዱልን?” አለቻቸው በደስታ። ጋሼ ቆሙ። “አፏን ማን ነው የሚቆርጠው?” ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ድንች መመዘኑን ተወች። በሌላ ቀን ጠራዧ ሾርባ ልትሰጣቸው ማንኪያውን ይዛ “አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ ቅመስልኝ” ትላቸዋለች። ማንኪያውን በደህናው እጃቸው ገፋ አደረጉ። “ለምን አፈር ትሆኛለሽ? እኔ አልፈልግም” አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶት ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ቁልምጫው ነው። ትዳር ከያዙ ጀምሮ “ሆዴ” ነው የምትላቸው። እኔ እያለሁ እንደ ልማዷ “ሆዴ፣ ትራሱን ላስተካክልልህ?” አለቻቸው።

“ሆድሽን አመመሽ?” አሉ ጋሼ ቀና ብለው።

“አይ፣ አላመመኝም።” ትራሱን አስተካክላ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። የውሃ ቧንቧው ጋ ቆማ ውሃውን ከፍታዋለች፤ ምንም አታጥብም። “ከዛሬ ጀምሮ በሙሉ ቃል ነው የማናግረው” አለችኝ። “ውሃን ውሃ፣ በርን በር።” ከዚያ ቀን በኋላ “ሆዴ” ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ክረምቱ ሲያልፍ ጋሼ በከዘራ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ። እኛ ፈራን፤ እሳቸው ግን አልፈሩም፤ ሁሉንም ትርጉም በቃላቸው ያውቁታል። የመጀመሪያው ዕለት በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው። “ተለዋጭ ዘይቤ ማለት አንድን ነገር እንደ፣ ያህል የሚሉ ማነጻጸሪያ ቃላት ሳይገቡበት ሌላ ነገር ነው ብሎ መናገር ነው” አሉ። ጥርት ያለ፣ ከመጽሐፍ ያልተዛነፈ። ቀጥለው “ምሳሌ የሚሰጠኝ?” አሉ።

“ቲቸር፣ የትናንቱ የሒሳብ ፈተና እሳት ነበር” አለች አንዲት ልጅ።

“ማን ተቃጠለ?” አሉ ጋሼ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ተማሪው የድሮው ጋሽ ዘይቤ የተመለሰ መስሎት በደስታ ነው የሳቀው። ሌላው ተነሳ፤ “ቲቸር፣ እኔ እኮ ተቃጠልኩ!” አለ። “የት ጋ?” አሉት። ሳቁ ጨመረ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ነገሩ ገባቸው፤ ያኔ ሳቁ ሌላ ዓይነት ሆነ። እየተነሱ ያልሆነ ነገር ይናገራሉ፤ ጋሼ ሲመልሱ ይጮኻሉ። ልጆች ናቸው፤ ክፋታቸው ቶሎ አይታወቃቸውም።

አንድ ቀን የክፍሌ በር ተከፈተ። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

“ኬሚስትሪ፣ ለምን እንደሚስቁ ንገሪኝ” አሉኝ።

ወጥቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። “ጋሼ፣ እርስዎ ቃሉን እንዳለ እየወሰዱት ነው። እነሱ ሌላ ነገር ማለታቸው ነው” አልኳቸው።

“አውቃለሁ። ሌላ ነገር ማለታቸውን አውቃለሁ። የቱን እንደሆነ ነው የማላውቀው።” ጠመኔ የነካው ጣታቸውን አዩ። “ድሮ እንዴት ነበር የማውቀው?” አሉኝ። ጥያቄው የምር ነበር፤ መልስ ይጠብቁ ነበር። እኔ ሞለኪዩል የማስተምር ሰው ምን ልበላቸው።

መጀመሪያ የመጻሕፍት መጋዘን ውስጥ መደቧቸው። እዚያም ማን ምን እንደፈለገ ስለማይገባቸው፣ ዓመቱ ሳያልቅ በሕመም ምክንያት ጡረታ ወጡ። የስንብት ዝግጅት ላይ ርዕሰ መምህሩ ረጅም ንግግር አደረገ። “የዕውቀት አባት”፣ “የማይነጥፍ ምንጭ” አላቸው። ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው በየመሃሉ “ስለ ማን ነው የሚያወራው?” ይሉኛል። “ስለ እርስዎ ነው” እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንደገና ይጠይቁኛል።

ከዚያ በኋላ ቤት ዋሉ። ጠራዧ ትርፍ ሰዓት መሥራት ጀመረች። ማሽኑ ጋ ቆማ ትውላለች፤ ማታ መጥታ ታጥባለች፣ ታበስላለች። የቤቱ ንግግር አለቀ። ሰው ደክሞት ሲገባ በግማሽ ቃል መናገር ይፈልጋል፤ እሷ ግን እያንዳንዷን ነገር አበጥራ፣ አስተካክላ ነበር የምትናገረው። አንድ ጊዜ እየሳቀች “እወድሃለሁ አልኩት እኮ” አለችኝ። “በሕይወቴ ብዬው አላውቅም። ምን ያስፈልጋል፣ ያውቀው ነበራ! አሁን ግን ካልነገርኩት በምን ያውቃል? ‘እወድሃለሁ’ ስለው ‘እሺ’ አለኝ።” ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን አዞረች።

መክሳቷን ያየሁት በዚያው ሰሞን ነው። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልረጋ አለ። ሥራ ቦታዋ ስሄድ ወረቀት መቁረጫውን ተደግፋ፣ ሆዷን በክንዷ ይዛ ቆማ አገኘኋት። ስታየኝ ክንዷን አወረደች።

“ምነው እንዲህ ከሳሽ?” አልኳት።

“እኔማ ምን ሆኜ፤ እንደ ጥጃ እየቦረቅሁ ነው” አለች። አባባሏ አሳቀኝ። ጨጓራ ነው አለች፤ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት “እሱን ለማን ትቼ?” ብላ ወሬውን ቀየረችው።

ጋሼን ጠየቅኋቸው። ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። “ጋሼ፣ ባለቤትዎ ታማለች መሰለኝ። ምንም አላለችዎትም?”

“ጠይቄያታለሁ” አሉኝ በእርግጠኝነት። “በየቀኑ እጠይቃታለሁ። ደህና ነኝ ብላለች። ትናንት ደግሞ እየቦረቅሁ ነው ብላኛለች።”

ልጃቸውም በስልክ የምትሰማው ይህንኑ ነበር። “እማዬ ደህና ናችሁ?” “ደህና ነን ልጄ።” “አባዬ፣ እማዬ እንዴት ናት?” “ደህና ነኝ ብላለች።” በዚያ ቤት “እሺ፣ አሁን ደግሞ እውነቱን” የሚል ሰው አልነበረም። ያ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ እያለ አልነበረም።

ማሽኑ ጋ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ የማተሚያ ቤቱ ሰዎች አንስተው ሆስፒታል ወሰዷት። ሆዷን ከፍተው አዩዋት። ሐኪሙ ልጅቷንና እኔን ለብቻ ጠርቶ፣ ጨጓራዋ ላይ የተነሳው ዕጢ ጉበቷ ድረስ መሄዱን ነገረን። “ከስድስት ወር በፊት ብትመጣ…” አለና ተወው። ልጅቷ ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ ነበር፤ የተሰጣት ፈቃድ ግን ለእንዲህ ዓይነት ነገር የሚበቃ አልነበረም።

ጠራዧ ሁሉንም ታውቅ ነበር። “እንዳትነግሩት” አለችን። “በዘይቤ ብትነግሩት አይገባውም፤ በቁሙ ብትነግሩት አይችለውም። ተዉት።” ተውናቸው። በየቀኑ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ደህናው እጃቸው የእሷን እጅ ይይዛል። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ስታወራ ድምፅዋን መቆጣጠር አቃታት፤ “እማዬ ልትሄድብን ነው” አለች። ጋሼ ሰሟት። ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ በፌስታል የሚስታቸውን ጫማ ይዘዋል። የክት ጫማዋን። አንድ እጃቸው እየሠራ እንዴት እንደጠረጉት አላውቅም፤ ያብረቀርቃል። ሹራቧንም በክንዳቸው ይዘዋል። “ትሄዳለች ሲሉ ሰማሁ። ውጪው ይበርዳል” አሏት።

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ጠራዧ ጫማውን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች።

“አመሰግናለሁ” አለች። “ከአልጋው ሥር አድርጋቸው። ስነሳ አደርጋቸዋለሁ።”

አቀርቅረው በጥንቃቄ አስተካክለው አስቀመጧቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ነርሷ የጠራዧን አልጋ በመጋረጃ ጋረደችው። ጋሼ ቁርስ ቀምሰው ገና ከቤት መምጣታቸው ነበር። ነርሷ ወደ እሳቸው ሄዳ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሰው እንደሚለው “አባት፣ አረፉ” አለቻቸው።

“ጎሽ” አሉ ጋሼ። “ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም ብለውኝ ነበር።”

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ስደርስ ዘመድ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። የሚያለቅሰውን ሁሉ ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው “ቀስ፣ ቀስ፤ አርፋለች፤ እንዳትቀሰቅሷት” ይላሉ። አንዷ አክስት ራሷን መቆጣጠር ሲያቅታት ተቆጧት። ልጅቷ ፊታቸው ላይ ተንበርክካ “አባዬ… አባዬ…” ትላለች፤ ከዚያ አታልፍም። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ለምን እኔን እንዳየ አላውቅም፤ ምናልባት ጎረቤት ክፍል ስላስተማርኩ ይሆናል።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለሰው እንዲህ ተብሎ አይነገርም፤ እኛ ዘንድ ይህ ቃል በሰው ፊት የሚወረወር አይደለም። “ጋሼ፣ ሚስትዎ ሞተች” አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። “መቼ?”

“ጠዋት። እርስዎ ሲመጡ ሞታ ነበር።”

“አረፈች ነው ያሉኝ።”

“ማለታቸው እሱ ነው።”

“ታዲያ ለምን ዋሹኝ?” ብለው ለመነሳት ሞከሩ፤ ግራ እግራቸው ከዳቸውና መልሰው ወንበሩ ላይ ወደቁ። “ይሄን ሁሉ ሰዓት በር እየጠበቅሁ… ለምን በትክክል አልነገሩኝም?” ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። ሲጮኹ የሰማኋቸው በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ቤታቸውን ሞላው፤ ሊያጽናናቸው። ማጽናኛ ግን ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። “ቻሉት፤ ከላይ ሆና ታይዎታለች” ይሏቸዋል፤ ቀና ብለው ኮርኒሱን ያያሉ። “እሷ እኮ አልሞተችም፤ በልባችን አለች” ይሏቸዋል፤ ወደ እኔ ዞረው “ሞታለች አላልሽኝም?” ይላሉ። ሌላው ሰው ሐዘኑን የሚያለብሰው ነገር አለው፤ ለእሳቸው የቀረቻቸው ግን ያቺ ራቁቷን የነገርኳቸው ቃል ብቻ ናት።

ሰዉ ሲበተን ልጅቷና አባቷ ቀሩ። እኔ ሳህን እመልስ ነበር። ልጅቷ የእናቷን ልብሶች እያጣጠፈች ሳለ አንዱ ኪስ ውስጥ የጨጓራ መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ አገኘች፤ ሌላው ኪስ ውስጥም እንዲሁ። የሁሉም ልብስ ኪስ ውስጥ ነበር። እጇ ላይ እንደያዘችው ወደ አባቷ ዞረች።

“አንድ ቤት እየኖርክ አላየህም?” አለች። “አጠገብህ እየቀለጠች አላየህም? በላሃት። እናቴን አንተ ነህ የበላሃት።”

“አልበላኋትም” አሉ ጋሼ።

ልጅቷ ያለችው ነገር ራሷን አስደነገጣት። ሮጣ እግራቸው ሥር ወደቀች። “ይቅርታ አባዬ፣ ማለቴ እንዲህ አይደለም።”

“ምን ማለትሽ ነው?”

እንዴት ትመልስ? ቃሉ በቁሙ ሲወሰድ እብደት ነው፤ ሲፈታ ደግሞ የባሰ ነው።

ጋሼ በሚቀጥሉት ቀናት ያገኙትን ሁሉ “ሚስቴን አልበላኋትም” ይላሉ። አታክልት ሻጯን አሏት። ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ነገሩት። ሰው መሸሽ ጀመረ፤ ለይቶላቸዋል የሚልም ተገኘ። በመጨረሻ እኔ ቤት መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው።

“ዘይቤ ነው፣ አይደል?” አሉኝ። “ተለዋጭ መሆን አለበት። ሰው ሰው አይበላም። ትርጉሙን ንገሪኝ።”

“ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚለውን አያውቅም፣ ጋሼ።”

“ትርጉሙን ነው የጠየቅሁሽ።”

ሌላ መንገድ አልነበረኝም። “በእርስዎ ምክንያት ሞተች ማለት ነው” አልኳቸው።

“እውነት ነው?”

“አይደለም። ታማ ነው የሞተችው።”

ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። እንደ ጥሩ ተማሪ፣ ደረጃ በደረጃ ሲያስቡ ይታየኛል። “በየቀኑ ጠይቄያት ነበር። ደህና ነኝ ትለኝ ነበር። አምኛት ነበር” አሉ። “ድሮ ግን አላምናትም ነበር።” ቀና አሉ። “እንግዲያው እውነት ነው።”

ተቃወምኳቸው። የማውቀውን ማስረጃ ሁሉ ደረደርኩ፤ ደም፣ አንጎል፣ ዕጢ፣ የማንም ጥፋት አለመሆኑን። ሰምተው ሲጨርሱ “አመሰግናለሁ፣ በትክክል ነገርሽኝ” ብለውኝ ወጡ። ያመሰገኑኝ ለትርጉሙ እንጂ ለማስረጃው እንዳልሆነ ግልጽ ነበር።

ልጅቷ ወደምትኖርበት ከተማ ወሰደቻቸው። ሆቴሉ ከጀርባው ለሠራተኛ ከሚሰጠው ቤት አንድ ክፍል አላት፤ መሃሉን በመጋረጃ ከፍላ ለእሳቸው አልጋ አስገባች። በዕረፍት ጊዜዬ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ጋሼ አልጋው ላይ ተቀምጠው ግቢው ውስጥ ሊደርቁ የተሰቀሉትን አንሶላዎች ያያሉ። ተነስተው ጨበጡኝ፤ ከተቀመጡ በኋላ አልተናገሩም። ስጠይቃቸው ይመልሳሉ፤ በልተዋል፣ መድኃኒት ወስደዋል፣ እንቅልፍ የላቸውም። እሳቸው ማንንም ምንም አይጠይቁም። ጥያቄ መጠየቅ ከተዉ ቆዩ አለችኝ ልጅቷ።

የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እስከ አውቶቡስ ተራው ሸኘችኝ። ለእንግዳ ፈገግ የምትልበት ፊቷ አልወረደላትም ነበር። “እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀኑን ሙሉ አወራለሁ” አለችኝ። “ከዚያ እገባለሁ። በሩን ዘጋሁ እለዋለሁ፤ እሺ ይላል። መብራት ላጥፋ እለዋለሁ፤ አጥፊ ይላል። ቀሪ ዘመናችን እንዲህ ነው።”

የምላትን ቃል ፈለግሁ። አንደበቴ ላይ የመጣው ሁሉ ሰው የሚለው ነው፤ እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ሰምታ ጨርሳለች። አውቶቡሱ መጣ። ተሳፈርኩና መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፤ ዞር ስል እሷ ሰዓቷን አይታ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች ነበር።